በጥርሱ የሚያድር

አማርኛችን ስለ ጥርስ ያላለው የለም። ልቡ እያለቀሰ ለሰው ፊት የሚስቀውን አይቶ «ጥርስ ባዳ ነው» ይላል። ቂም የቋጠረውን «ጥርሱን ነከሰበት»፣ ቂም የተቋጠረበትን «ጥርስ ውስጥ ገባ» ይለዋል። በአንድ ሙያ ዕድሜውን ያሳለፈውን «ጥርሱን የነቀለበት ነው» ብሎ ያከብረዋል። መከራውን ሳይናገር የተሸከመውን ደግሞ «ጥርሱን ነክሶ ቻለው» ብሎ ያዝንለታል። ሳቅና ቂም፣ ሙያና ትዕግሥት በአንዲት የአጥንት አጥር ውስጥ ተጎራብተው ይኖራሉ ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ግን የሰው ጥርስ ወግ ነው። ወደ ውሻ ስንመጣ የምንጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይናከሳል ወይስ አይናከስም? ለመሆኑ በከተማችን ውስጥ በጥርሱ እንጀራ የሚበላ ከውሻ ሌላ ማን አለ? የጥርስ ሐኪም እንኳ የሚያድረው በሌላ ሰው ጥርስ ነው። በየግቢው በር ላይ «ኃይለኛ ውሻ አለ» የሚል ጽሑፍ እንለጥፋለን። የቤቱን ባለቤት ስም ሳንጽፍ የውሻውን ጥርስ እናስታውቃለን። ውሻ ውሉ ያልተጻፈ፣ ደመወዙ ፍርፋሪ፣ የሥራ መሣሪያው ጥርሱ የሆነ ሠራተኛ ነው። እኔ በምሠራበት ባንክ የብር መቁጠሪያው ማሽን ድምፁ ትንሽ ሲለወጥ ባለሙያ ይጠራል። የውሻን መሣሪያ ግን ከፍቶ ያየው ማን ነው?

በ12ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው የፋርስ ባለቅኔ ኒዛሚ «የምስጢራት ግምጃ ቤት» በተሰኘው መጽሐፉ የተረካት አንዲት አጭር ታሪክ አለች። ኢየሱስ በገበያ መንገድ ሲያልፍ ሰዎች አንድ የሞተ ውሻ ከብበው ያገኛል። አንዱ ግማቱን፣ ሌላው መልከ ጥፉነቱን እያነሳ ሬሳውን ይሰድባል። እርሱ ግን የጥርሱን ንጣት አይቶ ዕንቍ እንኳ አይተካከለውም ይላል። ታሪኩ በወንጌል ውስጥ የሌለ፣ በምሥራቁ ዓለም ሲነገር የኖረ ነው፤ ጀርመናዊው ጎተም ወደ ቋንቋው መልሶታል። ታሪኩን በተማሪነቴ ካነበብኩት ጀምሮ እወደዋለሁ። ነገር ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። ያ ውሻ የተመሰገነው ከሞተ በኋላ ነው። የሞተ ውሻ ጥርስ ማየት ለማንም አያስፈራም፤ አይነክስምና። ዛሬ የማወጋችሁ ስለ አንድ በሕይወት ስላለ ውሻ ጥርስ ነው።

ውሻችን ቡቺ ይባላል። በ2006 ዓ.ም. የብስኩት ካርቶን ውስጥ ተኝቶ ወደ ግቢያችን ሲገባ ስሙ በልኩ ነበር። እርሱ አደገ፤ ስሙ ግን ቡችላ እንደሆነ ቀረ። ሌሊት ሌሊት አጥሩን እየዞረ ሲጮህ የሰፈሩ ሰው በድምፁ ያውቀዋል። እማዬ ውሻ ቤት ውስጥ አይገባም የምትል፣ በደንቧ የጸናች ሴት ናት። ቡቺም ደንቡን ያውቃል፤ ከደጃፉ ላይ ሁለት የፊት እግሮቹን ብቻ አሳልፎ ይተኛል። ሁለቱም በዚህ ድርድር ዓመታት ኖረዋል።

በ2016 ዓ.ም. ክረምት የታላቅ ወንድሜ ልጅ፣ ያኔ የአምስት ዓመት ሕፃን የነበረችው፣ እንደ ልማዷ የቡቺን ጉንጭ ደባበሰችው። ቡቺ አጉረመረመ፤ ከንፈሩንም ሰብስቦ ጥርሱን አሳያት። አልነካትም። እርሷ ግን ጮኻ እየሮጠች ገባች። በዚያው ምሽት ጉባኤ ተቀመጠ። ወንድሜ «ይኸ ውሻ ከዚህ ግቢ ካልወጣ ልጄን ይዤ አልመጣም» አለ። አንዲት ጎረቤታችን ደግሞ ከአፉ የሚዝረበረበውን ለሃጭ አይታ ድምጿን ዝቅ በማድረግ «አብዶ እንዳይሆን!» አለች።

በአገራችን ይህ ቃል ቀላል ቃል አይደለም። አዲስ አበባ ጉለሌ ውስጥ ሰዉ እስከ ዛሬ «ፓስተር» ብሎ የሚጠራው ሰፈር አለ። ስሙ የተወረሰው በዚያ ከነበረው የፓስተር ኢንስቲትዩት ነው፤ የኢንስቲትዩቱ ስም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1885 ውሻ የነከሰውን የዘጠኝ ዓመት ልጅ በክትባት ካዳነው ከፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር። ውሻ የነከሰው ሰው ወደዚያ ሲሮጥ ኖሯል። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ በሰው ላይ አንዴ ከታየ ማዳን የሚቻልበት መንገድ የለም ለማለት ይቀርባል። ስለዚህ ወንድሜ ላይ አልፈረድኩም። የአባት ፍርሃት ነበር። የቡቺን የክትባት ካርድ አውጥቼ አሳየሁ፤ የዓመቱ ክትባት ተመዝግቧል፤ ውሃውን ይጠጣል፤ ሰዉን ያውቃል። ካርድ ግን ፍርሃትን አያባርርም። ውሻው ማለዳ የሚወስደው ሰው እንዲፈለግ ተወሰነ። የሚወሰድ የአሥር ዓመት ውሻ ወዴት እንደሚወሰድ ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ማንም ግን አልተናገረውም።

በዚህ መሐል እስከዚያች ሰዓት ዝም ብላ የተቀመጠችው እማዬ «አላበደም» አለች። ሁላችንም ወደ እርሷ ዞርን። «አላበደም፤ አሞታል። ልብ ብላችሁ እዩት፤ እንደኔ በአንድ ወገን ነው የሚያኝከው።»

እማዬ በቀኝ በኩል ያሉትን መንጋጋዎቿን ካጣች ብዙ ዘመን ሆኗታል። በልጅነቷ የተነቀሰችው ድዷ አሁንም ጥቁርና ውብ ነው፤ ስትስቅ ግን የነጠላዋን ጫፍ ወደ አፏ ታስጠጋለች። ቆሎ ሲቀርብ በጨዋ ደንብ ለሰው ታሳልፋለች። ሐኪም ቤት እንሂድ ሲሏት «ለቀረኝ ዕድሜ ይበቃኛል» ነው መልሷ። እናም ውሻው አንገቱን ወደ ግራ አዘንብሎ ሲበላ፣ ቁራሹን አንስቶ ሲጥል፣ መልሶም ሲያነሳ ያየችው እርሷ ብቻ ነበረች። ጥርሱ የታመመበትን ለማወቅ ጥርሱ የታመመ ያስፈልጋል መሰለኝ።

በማግሥቱ ውሻ አልጭንም ያሉ ሦስት ባለታክሲዎች ካለፉን በኋላ አራተኛው ወደ እንስሳት ሐኪም አደረሰን። ሐኪሙ ገና ሳይነካው ከቀኝ ዓይኑ በታች ያለችውን ትንሽ እብጠት በጣቱ አመለከተኝ። በላይኛው መንጋጋ ላይ ሥጋና አጥንት የሚቆርጥበት ትልቅ ጥርስ አለ፤ ሦስት ሥር አለው፤ ሥሩም ሽቅብ ወደ ዓይን ሥር ይዘልቃል። ጥርሱ ተሰንጥቆ ሥሩ ሲመግል እብጠቱ ከዓይን በታች ብቅ ይላል። ሕፃኗ የዳበሰችው ያንኑ ቦታ ነበር። ቡቺ ሙሉ ማደንዘዣ ተሰጥቶት ያ ጥርስና አብረውት የላሉ ሌሎች ሁለት ወጡ፤ የቀሩትም ከተጋገረባቸው ድንጋይ ጸዱ። ያደገ ውሻ አርባ ሁለት ጥርሶች አሉት፤ ሃያ በላይ፣ ሃያ ሁለት በታች። ከሰው በአሥር ይበልጣል። ከአርባ ሁለት ሦስት ሲቀነስ ሠላሳ ዘጠኝ። እንደ ባንክ ሠራተኛ ቀሪ ሂሳቡን ተረክቤ ወጣሁ።

ሐኪሙ ሲሰናበተኝ «ከእንግዲህ ሥራው የእናንተ ነው» አለኝ፤ ሥራውንም አስረዳኝ። ውሻ እንደኛ ጥርሱ በትል ተበላ የሚባለው ዓይነት መቦርቦር እምብዛም አይደርስበትም። ጠላቱ ሌላ ነው። ከተበላ በኋላ በጥርሱ ላይ ፕላክ የሚሉት ልስልስ ሽፋን ይጋገራል። ይህ በጣት በተጠቀለለ ጨርቅ ይነሳል። ሳይነሳ ሁለት ሦስት ቀን ከቆየ ግን በምራቁ ውስጥ ካለው ማዕድን ጋር ተዋህዶ ይጠጥራል፤ ታርታር የሚባለው ቡናማ ድንጋይ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ጨርቅም ብሩሽም አያነሳውም። በቢላዋ እፍቃለሁ የሚል ሰው የጥርሱን ጠንካራ ልባስ ይጭረዋል፤ የተጫረ ጥርስ ደግሞ ቆሻሻ ይበልጥ ይይዛል። ድንጋዩ ወደ ድዱ ሥር ሲገባ ድዱ ይቆጣል፣ ይሸሻል፤ ጥርሱም የቆመበት አጥንት እየተበላ ይላላል። ሦስት ዓመት ከሞላቸው ውሾች አብዛኞቹ ይብዛም ይነስም ይህ የድድ ሕመም አለባቸው። ውሻ ግን አይናገርም። ጥርሱን ነክሶ ይችላል ማለት ለእርሱ ሲሆን ዘይቤ መሆኑ ቀርቶ እውነት ይሆናል።

እነሆ አሠራሩ፤ በየቤቱ ውሻ ያለው አንባቢ ይጠቅመው ይሆናል።

የመጀመሪያውን ሳምንት ምንም አላጸዳሁም። ከቡቺ ጎን እየተቀመጥኩ ጉንጩን በውጭ በኩል ማሻሸት ብቻ ነበር ሥራዬ፤ እርሱም ቁስሉ ከዳነ በኋላ። ከፊት ለፊቱ ቆሞ ማጎንበስ ውሻን ያሰጋዋል፤ ጎን ለጎን መቀመጥ ይሻላል። በሁለተኛው ሳምንት ሽንኩርትና ጨው ያልገባበት የሥጋ መረቅ እየነከርኩ ጣቴን አስላስኩት፤ ከዚያም ከንፈሩን ገለጥ አድርጌ ድዱን ነካሁ። በሦስተኛው ጎዝ በአመልካች ጣቴ ላይ ጠቅልዬ፣ ለብ ባለ ውሃ አርሼ፣ ክራንቻዎቹን አሸሁ። ከሁሉ ኋላ ለስላሳ የሕፃናት የጥርስ ብሩሽ መጣ። ብሩሹ ጥርስና ድድ በሚገናኙበት መስመር ላይ ጋደል ብሎ በትንንሽ ክብ ይንቀሳቀሳል። አፉን መክፈት አያስፈልግም፤ ከንፈሩን ማንሳት ይበቃል፤ ቆሻሻው የሚበዛው በጉንጭ በኩል ባለው ገጽ፣ ይልቁንም በላይኛዎቹ የኋላ ጥርሶች ላይ ነውና። በውስጥ በኩል ያለውን ምላሱ በመጠኑ ያግዛል። ሁሉም ነገር ሁለት ደቂቃ ነው። ሲያጉረመርም ማቆም፣ በማግሥቱም ካቆሙበት ትንሽ ወደ ኋላ ተመልሶ መጀመር ነው፤ ማስገደድ የለም።

የእኛን የጥርስ ሳሙና ለውሻ መጠቀም ክልክል ነው። እርሱ አይተፋም፤ ይውጠዋል። ፍሎራይዱ ሆዱን ያውከዋል፤ በአንዳንዶቹ ውስጥ ያለው ዛይሊቶል የተባለው ማጣፈጫ ደግሞ የደሙን ስኳር በድንገት ያወርደዋል፣ ጉበቱንም ይጎዳል፣ ሊገድለውም ይችላል። ለውሻ ተብሎ የተሠራ ሳሙና ካልተገኘ ንጹሕ ውሃ ይበቃል። ይህን ለማመን ለእኛ ምስክር ሩቅ አይደለም። በየመንገዱ ልጆች የወይራና የክትክታ መፋቂያ አስረው ይሸጣሉ። መፋቂያ አረፋ የለውም፤ ስሙም እንደሚለው የሚያጸዳው መፋቁ ነው። እንጨቱን ለውሻው አልሰጠውም፤ ስንጣሪው ድዱን ይወጋዋል። ጥበቡን ግን ወስጄለታለሁ።

«አጥንት ያጸዳለት የለም ወይ?» የሚለኝ ብዙ ነው። ቡቺን ለዚህ ያበቃው አጥንት ሳይሆን አይቀርም አለኝ ሐኪሙ። የተቀቀለ አጥንት ተሰንጥቆ ጉሮሮ ይወጋል፤ ጠንካራው ደግሞ ጥርስ ይሰብራል። መለኪያው ቀላል ነው፤ በአውራ ጣት ጥፍር ሲጫኑት ምልክት የማይቀበል ነገር ለውሻ ጥርስ ይጠጥራል። በጾሙ ወራት የሚቀርብለት ሽሮ በእንጀራም ለስላሳ ስለሆነ ከጥርሱ ጋር ይጣበቃል፤ የወጡ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ደግሞ በደሙ ላይ ጉዳት አለው። እንግዲህ ፍርፋሪው ደመወዝ ከሆነ፣ ደመወዙም እንደገና መታየት ነበረበት።

ድዱን ማየት በራሱ ትምህርት ሆነኝ። ጤነኛ ድድ ሮዝ ነው፤ ጥርሱን የሚያቅፍበት ጠርዝ ከቀላ፣ ካበጠ፣ ሲነካም ከደማ ታሟል ማለት ነው። የቡቺ ድድ ግን በቦታ በቦታው ጥቁር ነው፤ ተፈጥሮው እንጂ ሕመም አይደለም። የዚያን ዕለት ለእማዬ «እንዳንቺው ተነቅሷል» ብላት ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠግታ ሳቀች።

ወሬው ሰፈር ውስጥ መናኘቱ አልቀረም። «ውሻ ከምታጥቢ ልጅ ወልደሽ ብታጥቢ» ያለችኝ አለች። ይኸኛውን በሠላሳዎቹ ዕድሜ ያለች፣ ያላገባች ሴት ሁሉ ስለምታውቀው አላብራራውም። ሌላዋ ግን ከበድ ያለ ነገር ተናገረች። «ስንት ሰው ጥርሱን የሚያስነቅልበት አጥቶ ጉንጩን ይዞ ያድራል፤ አንቺ ለውሻ!» አለችኝ። በዚህ ንግግር ላይ ብዙ ሌሊት አሰብኩበት። እውነት ነውና። እማዬም ከነዚያ አንዷ ናት፤ እርሷ ቀርቶ ውሻው ሐኪም ማየቱን ማንም አልነገረኝም፤ ራሴ አውቀዋለሁ።

እንደ ሙያዬ ሂሳቡን ልሥራው አልኩ። ጎዝ ከፋርማሲ፣ አንድ የሕፃን ብሩሽ፣ ለብ ያለ ውሃ፣ ሁለት ደቂቃ። ከማን ላይ ወሰድኩት? ርኅራኄ በባንክ እንደሚቀመጥ ገንዘብ ለአንዱ ሲከፈል ከሌላው የሚጎድል ቢሆን ኖሮ ጎረቤቴ ልክ ነበረች። ነገር ግን ያየሁት ተቃራኒውን ነው። በዚያ ምሽት ለውሻው ያዘነችለት ሐኪም ያየችው ሳትሆን ሕመሙን የምታውቀው ነበረች። ከእርሷ ሕመም ተነስቶ ወደ እርሱ የሄደ መንገድ አለ፤ መንገድ ደግሞ መሄጃ ብቻ አይደለም፣ መመለሻም ነው።

አንድ የቀረ ነገር አለ፤ ዋናው እርሱ ነው። ቀኑን ሙሉ ብር ሲቆጥር የዋለ ጣቴን እታጠብና በእነዚያ ክራንቻዎች መሐል አሳልፈዋለሁ። ቡቺ ዓይኑን ከዓይኔ አያነሳም። መንጋጋው በሬ አጥንት ላይ ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ፤ እርሱም ያውቃል። በዚያች ቅጽበት ከመካከላችን ማን ማንን እንደሚያምን መለየት ይቸግረኛል። አንድ ማታ ከዚያ ስመለስ በደብተሬ ላይ ይህችን ጫርኩ፤

«ጥርስ ባዳ ነው» ብሎ ሰው ሰውን ሲከሰው፣
የኔ ውሻ ጥርሱን ለእጄ አለሰለሰው።
ሊዘጋው ይችላል፣ ሊቆርጠኝ ይችላል፤
ከፍቶ መተው እንጂ ፍቅር ምን ይባላል?

ወንድሜ ከነልጁ መምጣቱን አላቋረጠም። ሕፃኗም ከአዋቂ ጋር ካልሆነች ቡቺን እንዳትነካ፣ ሲበላም እንዳትቀርበው ተምራለች። ቡቺ አሁን አርጅቷል፤ ጩኸቱ ቀጥኗል፤ በሩ ላይ ያለው ጽሑፍ ግን እንዳለ ነው። ለክብሩ ስንል አላነሳነውም።

በዚህ ዓመት በሰኔ የሂሳብ መዝጊያ ሰሞን አንድ ቀን ከሥራ የወጣሁት ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ነበር። ቤት ስደርስ የወጥ ቤቱ መብራት በርቷል። እማዬ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣለች። ቡቺ ከደጃፉ ወዲህ፣ ሁለመናው ወደ ውስጥ ገብቶ፣ ራሱን ጉልበቷ ላይ አሳርፏል። ጎዙን በጣቷ ጠቅልላ ከንፈሩን ገልጣለች።

«ሠላሳ ዘጠኝ ነው ያልሽኝ?» አለችኝ ቀና ሳትል። «እኔ ሠላሳ ስምንት ነው ያገኘሁት።»

የስልኬን መብራት አብርቼ አብረን ቆጠርን። አንዷ ትንሽ ጥርስ ከታች በስተመጨረሻ ተደብቃ ነበር። ሂሳቡ ገጠመ። ከዚያ መብራቱን ሳላጠፋ «ያንቺስ ስንት ነው እማ?» አልኳት። እንደ ልማዷ ነጠላዋን ስታስጠጋ ጠበቅኩ። እጇ ግን በመረቅ ርሶ ስለነበር ነጠላዋን አልነካችም። ትንሽ ቆይታ «እኔማ ቆጥሬው አላውቅም፤ እስቲ አንቺ ቁጠሪው» አለችና አፏን ከፈተች።

አሥራ ዘጠኝ ናቸው። ቅዳሜ ጧት ሐኪም ቤት ቀጠሮ አለን።

ቸር ያሰንብተን።